ድግጣው እስኪያቆጠቁጥ

ሙሳ ያን ረቡዕ ጠዋት በከተማው ግንብ በፈላና በር ገብቶ በአው ዐብዱልመጂድ ደጅ ባያልፍ ኖሮ፣ የዚህ ታሪክ መከራ ግማሹ በቀረ ነበር። ግን አለፈ። በዚያው ዕለት ከዐስር ሰላት በኋላ ሽማግሌ ሊልክበት የቆረጠውን ቤት ሰው እንዴት ሳያይ ይውላል?

ከግቢው በር ላይ አንዲት አህያ ቆማለች። የተጫነችው ቅርንጫፍ ነው። አበባው ገና አልጠወለገም፤ ቢጫው ዘለላ በግራና በቀኝ ጎኗ ተንጠልጥሎ አቧራውን ይጠርጋል። ሙሳ ምን እንደሆነ ለማወቅ መቅረብ አላስፈለገውም። በገዛ እጁ ከፍሬ ያሳደገው ድግጣ ነው።

አንገቱን በበሩ አሻግሮ ተመለከተ። ግድግዳው አዲስ ኖራ ተቀብቶ ዐይን ይወጋል። ነገ ሐሙስ ዐብዱሰላም የሚባል የድሬዳዋ ሰው የላካቸው ሽማግሌዎች የአው ዐብዱልመጂድን ልጅ ነሲማን ሊጠይቁ እንደሚመጡ ጊደር መጋላ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጠዋ ሳትቀር ታውቃለች። ለሰላት ከሚታጠቡበት ከውዱእ ድንጋዩ ሥር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ድግጣው በቆመበት ጥግ፣ ከጉልበት በታች የተቆረጠ ጉቶ ብቻ ቀርቷል። የተቆረጠው ፊቱ ነጭ ነው፤ ገና እርጥብ ነው።

ማን እንደቆረጠው አህያ ነጂዋን ጠየቃት።

"ልጅቷ ናት" አለችው። "ከሱብሒ ሰላት ተነሥታ፣ መጋዝ ይዛ፣ በገዛ እጇ። ለእንግዶቹ ግቢውን ማጽዳቷ ይሆናል።"

ሙሳ ጥሏት ሄደ። እግሩ ይሄዳል እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አላወቀም። ጆሮው ውስጥ የሚጮኸው ግን የአህያ ነጂዋ ቃል አልነበረም፤ የሁለት ዓመት ሳቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ከግንቡ ውጪ ቪላ የሠሩት ሹማምንት ጽጌረዳ መትከል ሲጀምሩ፣ አው ዐብዱልመጂድም በጨርቅ ንግድ የደረጁ ሰው ናቸውና ከማን አንሼ ብለው ጽጌረዳ አስመጡ። የሚተክልላቸው ሰው ከማዘጋጃ ቤቱ የችግኝ ቦታ ተላከ። እሱም ሙሳ ነው፤ የሐኪም ተራራ ገበሬ ልጅ፤ አምስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት የወጣ፤ እናቱ ኤረር በር ላይ እንጨት እየሸጠች ያሳደገችው። ተከለ። ውሃ በጀርባ ተሸክመው በሚያመጡበት ከተማ ግን ለጽጌረዳ የሚተርፍ ውሃ ከየት ይምጣ? በሦስት ወር ውስጥ ሁሉም ደረቀ።

የዚህን አገር ድርቅ የሚችል የዚሁ አገር ተክል ነው ብሎ ድግጣ እንትከል ያለው ያን ጊዜ ነው። አው ዐብዱልመጂድ ከወዳጆቻቸው ጋር ነደባው ላይ፣ ያ በቀይ አፈር የሚቀባው ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ተቀምጠው ነበር። ሳቁ። ሳቃቸውን ጨርሰው ለወዳጆቻቸው፦

"ባላገሩ የቁንጫ መጥረጊያ ቤቴ ሊተክልልኝ ነው" አሉ።

እውነት ነው፤ ድግጣን ገበሬው ቅጠሉን ለቁንጫና ለመዥገር ነው የሚያውቀው። በየመንገዱ ዳር የሚበቅል፣ ከብት እንኳ የማይነካው ተክል ነው። ወዳጆቻቸውም ሳቁ። ሙሳ ቆሞ ነበር። ተቀመጥ ያለው የለም። ሻይ ሲመጣ ለእንግዶቹ በብርጭቆ ተቀዳ፤ ለእሱ ዶሮ በሚጠጣበት ጣሳ መጣለት። ሰው የተራበበትን ቀን ይረሳል፤ በጣሳ የጠጣውን ሻይ ግን አይረሳም።

ያን ጣሳ ከእጁ የተቀበለችው ነሲማ ናት። ባዶውን ጣሳ አየች፤ እሱን አየች፤ ከዚያ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። በማግስቱ አባቷን ለምና ድግጣውን አስፈቀደች፤ የማጠጣውም የምኮተኩተውም እኔ ነኝ ብላ። ሙሳ ከሐኪም ተራራ ፍሬ ለቅሞ መጣ። የፍሬው ቆዳ ጠንካራ ነውና ከእሳት በወረደ ውሃ ዘፍዝፎ አሳደረው። በጣሳ አብቅሎ ማዛወር እንደማይሆንም ነገራት፤ ሥሩ ወደ ታች ጠላቂ ነው፣ ከቦታው ሲነሣ ያኮርፋል። ስለዚህ ፍሬውን እዚያው በቋሚ ቦታው ቀበረው። ቦታውንም የመረጠው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቀስ ብሎ የመጣ ነገር ነው። በየአስራ አምስት ቀኑ ድግጣውን ለማየት ይመጣል፤ ቅጠሉን ገልበጥ አድርጎ ያያል፤ ቀና ሲል ዐይኗን ያገኘዋል። በኋላ ደብዳቤ ተጀመረ። ነሲማ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ናት፤ የእጅ ጽሕፈቷ የተማረ ሰው ጽሕፈት ነው። እሱ ፊደሉ ይጣመምበታል። የአክስቷ ልጅ ሐዲያ ደብዳቤውን በቅርጫት ሥር ደብቃ ታመላልስላቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት ነሲማ የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "የዐብዱሰላም ሰዎች ሐሙስ ይመጣሉ፤ አንተ ረቡዕ ላክ።"

ይኸው ረቡዕ ሆነ። ይኸው ጉቶው።

አው አሕመድ የመጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። ሙሳ ሲደርስ ቁርዓን እየጠረዙ፣ ቆዳውን በጭናቸው ላይ ወጥረው ነበር። ለሙሳ ሽማግሌ ሆኖ ለመሄድ በከተማው ውስጥ የተስማሙ ብቸኛ ሰው እሳቸው ናቸው። ሙሳ ከበሩ ሳያልፍ ሽምግልናው ይቅር አላቸው። አይሂዱ፣ ነሲማ ድግጣውን ቆርጣዋለች፣ ነገሩ አልቋል አላቸው።

አው አሕመድ መርፌውን ቆዳው ላይ ሰክተው ቀና አሉ። ልጅቷን ለምን እንደቆረጠችው ጠይቀሃታል ወይ አሉት።

"ጉቶው ነገረኝ" አለ ሙሳ።

"ጉቶ ምላስ የለውም፣ ልጄ።"

"ለእኔ ግን ነግሮኛል። እነዚህ ሰዎች የእኛን ነገር የሚያበቅሉት እስኪያስፈልጋቸው ነው። እንግዳ ሲመጣ ለአህያ ይጭኑታል።"

አው አሕመድ ፊቱን አይተው ወደ ቆዳቸው ተመለሱ። ሙሳ እዚያው በጠራዡ ወረቀት ቁራጭ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

"ነሲማ፤ እኔ የዘራሁትን በእጅሽ ቆርጠሽ አስጭነሽ ላክሽው። ግቢሽ ለእንግዶችሽ ጸድቷል። እኔም ከደጅሽ ጸድቻለሁ። ሽማግሌ አልልክም። ደህና ሁኚ።"

ደብዳቤውን ለሐዲያ ሰጥቶ ሲመለስ ልቡ ቀለለው። መጥፎ ነገር ማድረግ መጀመሪያ ላይ እንዲያ ያቀላል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሐዲያ ራሷ የችግኝ ቦታው ድረስ መጣች። ሙሳ የችግኝ መደቡ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። ሰላምታም አላቀረበችለት።

"አምስተኛ ክፍል ድረስ ያስተማሩህ ሰዎች ድካማቸው ከንቱ ነው" አለችው። "ያነበብከውን ሳይሆን የጠረጠርከውን ነው የምታምነው።"

ትናንት ነሲማ ከዐስር እስከ መግሪብ የተጠረገውን ነደባ ደጋግማ ስትጠርግ እንደዋለች ነገረችው። በር በተንኳኳ ቁጥር መጥረጊያው ከእጇ ይወድቅ ነበር። አንዴ ወተት ሻጭ፣ አንዴ ጎረቤት። ከዚያ ሐዲያ መጣች፤ የያዘችው ሽማግሌ ሳይሆን የእሱን ወረቀት ነው። ነሲማ አንብባ አላለቀሰችም። ገልብጣ ጀርባው ላይ ጻፈችበት።

ሙሳ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበለ።

"ሙሳ፤ እናቴ ማክሰኞ ማታ፣ ሐሙስ ነደባውን በድግጣው አበባ አስጊጡት ብላ አዘዘች። አንተ ያበቀልከው አበባ ለሌላ ሰው ሽማግሌዎች እንዲነጠፍ ልቤ አልፈቀደም። እነሱ ሳይደርሱበት ቆረጥኩት፤ ቅርንጫፉንም አንድ ዘለላ ሳይቀር አስወጣሁት። ‹ሲራቆት አትዘኚለት፤ ከጉልበት በታች ቆርጠሽ ተዪው፤ ሥሩ ካለ ደንድኖ ይመለሳል› ብለህ የጻፍክልኝ አንተ ነህ። ደብዳቤህ ዛሬም ከእኔ ጋር አለ። እኔ ቃልህን አምኜ ቆረጥኩ፤ አንተ ጉቶ አይተህ ሸሸህ። ሐሙስ ከዙሁር ሰላት በኋላ ይጠይቁኛል።"

ሁለት ጊዜ አነበበው። ቃሉ የእሱ ነው። ባለፈው ክረምት የጻፈው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ንቀት ሲፈልግ ኖሮ፣ እምነት ከፊቱ ሲቆምለት አላወቀውም።

"ሲጠይቋት እምቢ ትላለች አይደል?" አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ሆነበት።

ሐዲያ አየችው። የነሲማ አባት ሁለት ምስክር ይዘው ከጓዳው በር ላይ ቆመው እንደሚጠይቋት፣ ድንግል ልጅ ዝም ካለች ዝምታዋ እሺታ እንደሚሆን ነገረችው። እሱም ያውቀዋል፤ ሕጉ የእሱም ሕግ ነው።

"እምቢ ለማለት አፍ ያስፈልጋል" አለች። "ትናንት ግን አፏን ዘግተህባት ሄድክ። ማንን ይዛ ትናገር?"

ከዙሁር በኋላ ነበር። ሙሳ ዶማውን ከትከሻው ለማውረድ እንኳ ሳያስታውስ ግቢው ውስጥ ገብቶ ተገኘ። በሩ ለእንግዶች ተከፍቶ ነበርና የከለከለው የለም። ከቤቱ መግቢያ የእንግዶቹ ጫማ ተደርድሯል፤ ሁሉም የተወለወለ ነው። በበሩ በኩል ነደባው ይታያል፤ አራት ሽማግሌዎች ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ነደባው ላይ አንድም አበባ የለም። ሙሳ ከጉቶው አጠገብ ቆመ።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ አው ዓብዱላሂ የሚባሉ ጢማቸውን ሒና የተቀቡ ሽማግሌ፣ አዩትና ማነው ብለው ጠየቁ።

አው ዐብዱልመጂድ ዞር አሉ። ሙሳን አዩ፤ ዶማውን አዩ፤ ከዚያ ፊቱን። አንድ ነገር ገባቸው። ምን እንደገባቸው ግን ፊታቸው ላይ እንዲነበብ አልፈቀዱም።

"አትክልተኛው ነው" አሉ፤ ፈገግ ብለው። "መምጣትህ ደግ ነው። ያን ጉቶ ንቀልልኝ። ሥሩ ግድግዳዬን ሳይሰነጥቀው።"

ይህን ብለው ጀርባቸውን ሰጡት። ሁለት ምስክሮች አስነሥተው ወደ ጓዳው በር ሄዱ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ፤ ለጓዳው ብቻ ሳይሆን ለግቢውም እንዲሰማ።

"ነሲማ፣ የዐብዱሰላም ወገኖች ለልጃቸው ጠይቀውሻል። ምን ትያለሽ?"

ዝም አለች።

ሙሳ ልናገር ቢል በየትኛው አፉ? የራሱን ሽማግሌ ያስቀረ እሱ ነው። እሷን ለዚህ ዝምታ አሳልፎ የሰጣት እሱ ነው። አባቷ አልነበሩም፤ ዐብዱሰላምም አልነበረም። ቤቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ዝምታው ረዘመ፤ እሺታ ወደ መሆን ተጠጋ። አንዱ ምስክር እንደ ማመስገን እጁን ከፍ ማድረግ ጀመረ።

"ጉቶው አይነቀል" አለች ነሲማ።

የምስክሩ እጅ አየር ላይ ቀረ።

"ስለ ጉቶ ማን ጠየቀሽ?" አሉ አባቷ።

"የጠየቃችሁኝ ስለ እሱ ነው፣ አባ።" ነሲማ አላቆመችም። "የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በአርባ ቀን ውስጥ ካቆጠቆጠ ድሬዳዋ አልሄድም። ካላቆጠቆጠ ሁለተኛ አትጠይቁኝ፤ እንዳላችሁኝ እሆናለሁ።"

ልጅ በእንግዳ ፊት እንዲህ ስትናገር በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። የአው ዐብዱልመጂድ የአንገት ሥር ተገታተረ። ነገሩን ያበረዱት አው ዓብዱላሂ ናቸው። ሒና የነካውን ጢማቸውን እየደባበሱ፣ ዝም ብላ ሄዳ በኋላ ከምታለቅስ ተናግራ ብትቆይ ለቤታችንም ይሻላል፣ አርባ ቀን እንታገሣለን አሉ።

አው ዐብዱልመጂድ ወደ ግቢው ወጡ። ጉቶውን አዩት። ወሩ ኅዳር ነው፤ ሰማዩ ላይ ደመና የለም።

"ይሁን" አሉ። "ግን ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ጉቶ አንዲት ጣሳ ውሃ የሚያፈስ ሰው ከቤቴ አይኖርም። ይህም ሰው በዚህ በር አይገባም። ወላሂ ብያለሁ።"

ሙሳ ወጣ። ከበሩ ሳይደርስ ዘወር ሲል በጓዳው መዝጊያ ስንጥቅ አንድ ዐይን አየ። አልወቀሰውም። አልለመነውምም። ሥሩ ካለ ይመለሳል ያለውን ሰው ብቻ ያይ ነበር። ያ ዐይን በንቀት አይቶት ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር፤ ንቀትን ለምዶታል።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት አይነገሩም። ሙሳ ተክል ያውቃልና ከሌላው ሰው ይልቅ ፈራ። አዲስ የተቆረጠ ጉቶ በደረቅ ወር ውሃ ካላገኘ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ምስጥ ይገባዋል። በየማለዳው ሰማይ ያያል። በፈላና በር ይመላለሳል፤ በተዘጋው በር ፊት እርምጃውን ያዘገያል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አልቻለም፤ በድብቅ አንድ ጣሳ ብቻ ታፍስለት ብሎ ሐዲያን ላከ። የነሲማ መልስ በወረቀት አልመጣም፤ ሐዲያ በቃሏ ነገረችው።

"‹አባቴ ምሏል፤ በተሰረቀ ውሃ የበቀለ አይቆጠርልኝም› ብላለች። ደግሞ ምን አለች መሰለህ? ‹አሁን ደግሞ አንተ እመን።›"

ማመን ለሙሳ ከባድ ሥራ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ተቃራኒውን ነበር። ሞከረ። አው አሕመድም አልረዱትም፤ አባትየው ካልጠሩኝ ከእንግዲህ እግሬ ከዚያ ቤት አይደርስም አሉት።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ አው ዐብዱልመጂድ የችግኝ ቦታው በር ላይ ቆሙ። ብቻቸውን ናቸው። የእግር መንገዱ አድክሟቸው በከዘራቸው ተደግፈዋል።

ሙሳ አያቸው። ይህን ቀን ስንት ጊዜ በሐሳቡ አይቶት ነበር። እሳቸው ቆመው፣ እሱ ሥራውን እየሠራ፣ ተቀመጡ ሳይላቸው። ይኸው መጣ። ከጎኑ የችግኝ ሣጥን አለ፤ ተገልብጦ ወንበር ይሆናል። አልገለበጠውም። ሰላምታቸውን መልሶ ወደ ሥራው ጎነበሰ፤ እሳቸው ቆሙ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉ ቆይተው። "ያን ተክል ከውዱእ ድንጋዬ ሥር ያደረግከው አውቀህ ነው?"

"አውቄ ነው። በግቢዎ ውስጥ በጋ ከክረምት የማይቋረጥ ውሃ እሱ ብቻ ነው።"

አው ዐብዱልመጂድ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ መሬት እያዩ፣

"ከቤቴ ሰው ውሃ የሚያፈስለት የለም ብዬ ማልኩ" አሉ። "ልጄ ጠብታ አላፈሰችም፤ ጠብቄአታለሁ። ለካስ በቀን አምስት ጊዜ እኔው ሳጠጣው ከርሜያለሁ። እጄን፣ ፊቴን፣ እግሬን ያጠብኩበት በሙሉ ወደ እሱ ነው የሚወርደው። መሐላዬን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።"

ሙሳ ጠየቀ፤ ቃሉ ከአፉ የወጣ አልመሰለውም።

"አቆጥቁጧል?"

"ሁለት። ከጉቶው ጎን፣ ከመሬት ከፍ ብሎ። የሩዝ ፍሬ ያህላሉ። በሱብሒ ነው ያየኋቸው፤ ካየኋቸው ሳምንት ሆነ።" አው ዐብዱልመጂድ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ማንም አላየም ነበር። ነሲማም አላየች፤ እንዳትጠረጠር ብላ ከጥጉ ርቃ ነው የምትሄደው። በጥፍሬ ቀንጠስ ባደርጋቸው ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።"

"ለምን አልቀነጠሷቸውም?"

ሽማግሌው ቀና አሉ። ሙሳን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲያ ሲያዩት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው።

"ውዱእ ላይ ነበርኩ" አሉ።

ከዚያ አው ዐብዱልመጂድ በገበያ ድምፃቸው፣ ከድሬዳዋ ለመጡት ሰዎች ቃላቸውን እንደመለሱላቸው ነገሩት።

"ጠራዡን ላከው" አሉ። "እሺ እላለሁ አላልኩም። ለአንተ ስላለኝ ሐሳብ አትጠይቀኝ። ግን ይምጣና ነደባዬ ላይ ተቀምጦ ይናገር። አንተም ትመጣለህ። ትቀመጣለህ።"

ሙሳ ጎንበስ አለና ሣጥኑን ገለበጠው። አፈሩን በእጁ ጠረገ፤ አልበቃውም፤ ሸሚዙን አውልቆ አነጠፈበት። "ይቀመጡ፣ አው ዐብዱልመጂድ" አለ። እሳቸው ሲቀመጡ እሱ ቆሞ ቀረ፤ ሁለት ዓመት አጥብቆ የያዘው ነገር ከእጁ ወጥቶ፣ ባዶ እጁን የት እንደሚያኖረው ግራ ገብቶት፣ ወደ ፈላና በር አቅጣጫ እያየ።